ለቡንዲ ሥዕሎች ከብሩሽ በፊት ጣሪያ

በሕንድ ራጃስታን ግዛት ከኮታ ከተማ እስከ ቡንዲ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና የድሮውን ከተማ አቋርጬ ከኮረብታው ሥር ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣው የድንጋይ ዳገት የተነጠፈው ለዝሆንና ለፈረስ ስለሆነ ለሰው ጉልበት አያዝንም። ጫፉ ላይ ሁለት የድንጋይ ዝሆኖች ኩምቢያቸውን ከበሩ በላይ አገናኝተው ቆመዋል።

በሩን ያሠራው ራኦ ራታን ሲንግ የተባለ፣ ሃዳ ከሚባለው የራጅፑት ጦረኛ ጎሣ የሆነ የቡንዲ ገዥ ነው። ስሙ ለእኛ ሩቅ ይመስላል እንጂ የታሪኩ ጫፍ ወደ ቤታችን ይደርሳል። በ1624 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ኋላ ታጅ ማሃልን ያሠራው ልዑል ኩራም በአባቱ በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ላይ ሸፍቶ የቡርሃንፑርን ከተማ ሲከብ፣ አጋሩ በልጅነቱ ከሐበሻ ምድር በባርነት ተወስዶ የደካን (የደቡብ ሕንድ አምባ) ጦር አዛዥ ለመሆን የበቃው ማሊክ አምባር ነበር። ከተማዋን የተከላከለው ደግሞ ይኸው የቡንዲው ራኦ ራታን ነው። በሩ ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ ዳገቱን ረሳሁት።

ሥዕሎቹ ያሉት ከላይ ነው። ቺትራሻላ የሚባለው ክፍል በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በራኦ ኡሜድ ሲንግ ጊዜ የተሠራ ሲሆን በትንሽ ግቢ ዙሪያ ያለ በረንዳ ነው። ከወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እስከ ጣሪያ ባዶ ቦታ የለም። ነጭ ኖራ ላይ አረንጓዴና ውኃማ ሰማያዊ ይበዛል። የሂንዱ አምላክ ክሪሽና የሚታጠቡትን ልጃገረዶች ልብስ ሰብስቦ ዛፍ ላይ ወጥቷል፤ እነሱ ከታች ይለምኑታል። ቀርቤ ሳይ የአንዷ ፊት የለም፤ ልስኑ ረግፎ የግንቡ ድንጋይ ወጥቷል። እጇ ግን አሁንም ወደ ዛፉ ተዘርግቷል።

እንዲህ ያለውን ቦታ ያየ ሰው ሁለት ምክር አያጣም። አንዱ «ሆቴል ይሁን» ነው። የሕንድ መንግሥት በ1971 የመሳፍንቱን ዓመታዊ አበል ካስቀረ ወዲህ ብዙ የራጃስታን ቤተ መንግሥቶች በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ሳሞድ የተባለው ቤተ መንግሥት ባለ ሥዕል አዳራሾቹን ይዞ ዛሬ ሆቴል ነው። እውነቱን ለመናገር የሆቴል ጣሪያ አያፈስም፤ ይህን አልክድም። ግን በዚያ ቀን ዳገቱን እያለከለኩ የወጡት የመንደር ቤተሰቦች ሆቴል ቢሆን ኖሮ ከዘበኛው አያልፉም ነበር። ሥዕሉ ደግሞ የእነሱ ታሪክ ነው፤ ክሪሽናን ለልጆቻቸው በጣት እያሳዩ ሲተርኩ ሰምቻለሁ።

ሌላው ምክር «ቀለሙ ይታደስ» የሚል ነው። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። በጎንደርና በጣና አካባቢ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ግድግዳው ቢታመም ጨርቁን ማንሳት ይሞከራል። በራጃስታን ግን የቆየው ሙያ ቀለሙን እርጥብ ኖራ ላይ አስቀምጦ በለስላሳ ድንጋይ እየፈተጉ ማዋሐድ ነው። ሥዕሉ ግድግዳው ራሱ ነው። ውኃ ከላይ ሰርጎ ሲገባ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ከዚያ ይረግፋል። በዚያ ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ትኩሳት ያለበትን ሰው ኩል መኳል ነው።

እኔ ገንዘቡን ብይዘው ለመብራት፣ ለካፌ፣ ለአዲስ ብሩሽም አላወጣም። ጣሪያው ላይ ኖራ ይለሰን፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ በስንጥቁ የበቀለው ቁጥቋጦ ከነሥሩ ይነቀል፣ ሌሊት ወፍ የሚገባበት መስኮት ወንፊት ይደረግበት። ፎቶ የሚነሳ ሥራ አይደለም፤ ሪባን የሚቆረጥለትም የለም። ምናልባት የሚዘገየው ለዚህ ይሆናል። በስለታም ነገር ስማቸውን ግድግዳው ላይ የጻፉትን አፍቃሪዎችማ ምን እላቸዋለሁ? አንዱ ልብ የሣለው ዝሆን ሆድ ላይ ነው።

የቡንዲ ሠዓሊዎች ዝናብ ይወዱ ነበር። የጠቆረ ደመና፣ እንደ ወርቅ እባብ የሚጠማዘዝ መብረቅ፣ ክንፉን የዘረጋ ጣዎስ ደጋግመው ሥለዋል። ዝናቡ እዚያም እንደኛ አገር ሰኔ መጨረሻ ላይ ይገባል። ግንበኛው ከዚያ በፊት፣ በግንቦት ሐሩርም ቢሆን፣ ጣሪያው ላይ መውጣት አለበት።