«ይሄ ልጅ የእኛ አይደለም»፦ ስለ እንግሊዝ ፌሪዎች ክርክር

መከራከሪያ ሐሳብ፦ የጥንት እንግሊዞች በፌሪ ማመናቸው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብስ ነበር።

ደጋፊዋ፦
ፌሪ ሲባል ዛሬ ብዙዎቻችን የምናስበው ክንፍ ያላትን ትንሽ ቆንጆ የተረት ፍጡር ነው። ክንፉ በኋላ የመጣ ነው። የጥንቱ ገበሬ የሚፈራቸው ፌሪዎች ከብት ይመታሉ፣ መንገደኛ ያስታሉ፣ ሕፃን ይሰርቃሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሕፃኑ ነገር ነው። ጤነኛውን ወስደው የራሳቸውን በሽተኛ አልጋው ላይ ይተዋሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ አንድ ልጅ አፉን አልፈታ ካለ፣ ቢበላ ቢጠጣ ካልፋፋ፣ «ይሄ የእኛ አይደለም» ይባላል። ዛሬ ሐኪም ጋ ይዘነው የምንሮጠው ልጅ እኮ ነው! ያኔ የሚመከረው ግን ፌሪዋ ለልጇ ሳስታ የእኛን እንድትመልስ፣ በእጅ ያለውን ማሰቃየት ነበር። መምታት፣ ደጅ መጣል፣ ከእሳት ማስጠጋት። አዋቂም አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1895 በጎረቤት አየርላንድ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ሴት በባሏ እጅ ተቃጠለች። ሚስቴን ፌሪዎች ወስደው ሌላ ተክተውብኛል ብሎ ነው።

ተቃዋሚው፦
እህቴ፣ ስለ ልጆቹ ያልሽው ያመኛል፤ አልክድሽም። ግን ሙሉው እምነት እሱ ብቻ አይደለም።

ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመድኃኒት ጽሑፍ አለ። ድንገተኛ ውጋት ከኤልፎች የተወረወረ ጦር ሊሆን ይችላል ይላል። ኤልፍ ማለት የፌሪ ጥንታዊ ዘመድ በይው። ታዲያ ጽሑፉ አስፈራርቶ አይተውም። ቀይ ሳማና ሌሎች ሁለት ዕፅዋት በቅቤ አፍሉ ይላል። ከዚያ ሕመሙን እንዲህ እያሉ ያዙታል፦ «ትንሿ ጦር፣ እዚህ ውስጥ ካለሽ ውጪ!» የሚያቃስት ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይህን የሚልለት ሰው መኖሩን አስቢው።

ዮርክሸር ውስጥ፣ ረንስዊክ የባሕር ዳርቻ፣ ሆብ የሚባል ፍጡር ይኖርበታል የሚሉት ዋሻ ነበር። ልጇን ትክትክ የያዛት እናት ልጇን ታቅፋ ዋሻው አፍ ላይ ትቆምና ሆብን ሳሉን ውሰድልኝ ብላ ትለምነዋለች። ይቺ እናት ልጇን አልመታችም። በዴቨንና በኮርንዎል ደግሞ መንገድ የጠፋበት ሰው ፒክሲ የሚባሉት ፌሪዎች አሳቱኝ ይልና ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል። በጨለማ ለደነገጠ ሰው ቆም ብሎ ራሱን መሰብሰቢያ ነው።

ደጋፊዋ፦
ማን አስደነገጠው ታዲያ? ሬጂናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1584 ምን እንደጻፈ ልንገርህ። በልጅነታችን በኤልፍና በመንፈስ ስላስፈራሩን የገዛ ጥላችንን እንፈራለን ብሏል። እዚያው ያደገ ሰው ነው ይህን ያለው። ፌሪ ብረት ትፈራለች ተብሎም አፉን የከፈተ መቀስ ከሕፃን አልጋ በላይ ይንጠለጠል ነበር። ወንድሜ፣ መቀስ! ከሚተኛ ሕፃን በላይ!

ተቃዋሚው፦
መቀሱን እኔም አወርደው ነበር። ዋሻው አፍ ላይ የቆመችውን እናት ግን ምን ብዬ እመልሳታለሁ? ያን ጊዜ ለትክትክ ክትባት የለም፣ መድኃኒት የለም። ማታ ማታ ልጇ ትንፋሽ ሲያጥራት የምትሰማው እሷ ናት። ሆብ ባይኖር ወዴት ትሂድ?