ኧረ አሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ አትለጥፉ!

"ግድግዳው እርጥበት አስቸገረ" ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ በሲሚንቶ ይለሰን! ኧረ በፈጠራችሁ! በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት መከላከያ የለውም፤ የሚደርቀው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል እየተነፈሰ ነው። ሲሚንቶ ያንን መተንፈሻ ይደፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ የለስላሳውን ድንጋይ ፊት ያፈረፍራል፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የእንጨት ጫፍ ያበሰብሳል። ልስኑን በጣት መታ መታ ስታደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከኋላው ለቋል ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ሲሚንቶውን ለማንሳት ግራይንደር ይዞ የሚመጣ አለ። የድንጋዩን ጠርዝ ይዞት ይሄዳል! መሮና መዶሻ ምን በደሉ? መጋጠሚያው ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ያህል ይቦርቦር፣ አቧራው ይጠረግ፣ ውሃ ይረጭበት። ከዚያ 1 እጅ የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (ውሃ ሲነካው የሚጠነክር የኖራ ዓይነት) ለ3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ተቦክቶ ይሞላበት። "ቶሎ እንዲይዝ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት" የሚላችሁን አትስሙ። ብርዱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ሥራው ይቆይ፤ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ አለበለዚያ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል።

ደግሞስ የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል በላይ ተቆልሎ፣ አሸንዳው እያፈሰሰ፣ ልስን ምን ያድርግ? መጀመሪያ አፈሩን ከወለሉ 150 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት። ይህ ሁሉ ተለፍቶ ሲያበቃ ላዩ ላይ እንደ ሲሚንቶው መተንፈሻውን የሚደፍን ፕላስቲክ ቀለም የሚለቀልቀውንስ ምን እንበለው?