ውሃው በየት በኩል ይወጣል?

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው በእንግሊዝ ደቡብ የባሕር ዳርቻ፣ ዶርሴት በሚባል አውራጃ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ወዳደግሁባት ሐዋሳ ይዣት ሄድኩ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጀልባ ተሳፍረን እየሄድን «ጥቁር ውሃ ወንዝ እዚህ ይገባል ካላችሁ፣ ውሃው በየት በኩል ይወጣል?» ብላ ጠየቀች።

ባለጀልባው «እሱን አላውቅም፣ ጉማሬ ግን አሳያችኋለሁ» አለ። እኔም አላወቅሁም። ዋና በተማርኩበት፣ ዓሣውን በልቼ ባደግሁበት ሐይቅ ላይ ተቀምጬ ለልጄ የምመልሰው አጣሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እሷ መጠየቅ የለመደችው እዚያ ዶርሴት ድንጋዩ ሁሉ ታሪክ ስላለው ነው። ቼሲል የሚባለው የጠጠር ዳርቻ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በምዕራብ ጫፉ ጠጠሩ አተር ያክላል፤ ወደ ፖርትላንድ በቀረቡ ቁጥር እያደገ ሄዶ ድንች ያክላል። የድሮ ዓሣ አጥማጆች በጨለማ ወደ ዳር ሲወጡ ጠጠሩን ዳብሰው የት እንደደረሱ ያውቁ ነበር ይባላል። ከዚያ አንዲት ጠጠር ማንሳት ክልክል ነው። ትንሽ ራቅ ብላ በምትገኘው ላይም ሪጂስ፣ ሜሪ አኒንግ የምትባል የአናጢ ልጅ በ12 ዓመቷ ገደማ ከወንድሟ ጋር የጥንት የባሕር እንስሳ አፅም ከገደሉ ቆፍራ አውጥታለች። ዳርቻው እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ከትምህርት ቤትና በየመንገዱ ከቆሙ ሰሌዳዎች ተምራ።

እኛስ? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የሚከበርበት ጉዱማሌ ከሐይቁ ዳር ነው። በአዘቦት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ግን ይህን የሚነግረው ማን ነው? በሄድኩበት ሁሉ ሰሌዳ ፈለግሁ፤ የዋጋ ዝርዝር ብቻ አገኘሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ተደርድረው ቆመዋል። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጉንጩ ሥር በቢላዋ ሰንጥቆ ቆዳውን በአንድ ስበት ገፈፈና ጭንቅላቱን ወረወረላቸው። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ልጁ ይህን አይቶ ጆንያ ላይ የተጋደመ አምባዛ እያሳያት፣ ከውሃ ከወጣ በኋላም አየር እየሳበ ብዙ እንደሚቆይ አስረዳት። ማንም አልከፈለውም፤ ስለሚያውቀው ነገራት።

መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገባችን ነበሩ። ልጄ ያንኑ ጥያቄ በተሰባበረ አማርኛዋ አቀረበችላቸው። «ከታች ነው የሚሄደው የኔ ልጅ። ባይሄድ ኖሮ ውሃው ጨው በሆነ ነበር» አሏት። በኋላ ሳነብ አጥኚዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው እየተነነ ጨውና ሶዳ ይከማችበታል፤ የሻላና የአቢያታ ሐይቆች እንዲህ ሆነዋል። ሐዋሳ ግን ከላይ መውጫ ሳይኖረው ጨዋማ ያልሆነው ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ነው።

ከእግራቸው ሥር ነጣ ያለ ድንጋይ አንስተው «ወርውሪው» አሏት። ወረወረችው፤ ተንሳፈፈ! ብሎኬት የሚሠራበት ያ ፓሚስ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ። ሐይቁ ራሱ የተኛው በተደረመሰ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራም እዚያው ጎረቤቱ አለ። እኛ ልጆች ሆነን ስንወራወርበት የኖርነው ድንጋይ ነው። አንድም አስተማሪ በእጁ ይዞት ወደ ክፍል አልገባም።

እውቀቱ አለ። አሞራ ገደል ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ለጀልባው ከከፈልኩት ገንዘብ ሩቡ ለእኒህ አዛውንት ቢደርስና ጀልባ ማሳፈሪያው ላይ ቢቀመጡ፣ ባለጀልባውም ከእሳቸው ሰምቶ ለእንግዳው ሁሉ ይመልስ ነበር። እሱን እንኳ አልወቅሰውም። ጉማሬ ብቻ አሳይ ብለን የላክነው እኛ ነን።

ልጄ ተንሳፋፊውን ድንጋይ ከውሃው አውጥታ ይዛ ቆመች። «መውሰድ ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» አሉኝ። እዚያ ጠጠር ማንሳት እንደሚከለከል ነገርኳቸው።

«ድንጋይ?» አሉና ጎንበስ ብለው ሁለት ጨመሩላት።