የዓባይ በረሃ ድንጋይም የእግዚአብሔር ሥራ ነው

«ምድር 6000 ዓመቷ ነው። ድንጋዩንም ቅሪተ አካሉንም ያስቀመጠው የጥፋት ውሃ ነው። ሉሲ ተረት ናት። ይህን የማይቀበል መጽሐፍ ቅዱስን ክዷል።» እንዲህ ያለው ስብከት በአማርኛ በዩቲዩብና በቴሌግራም ሲዘዋወር እየሰማን ነው። ክርክሮቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሰባኪዎቹ ለእግዚአብሔር ቃል ቀንተው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም። እኔም ሰማይንና ምድርን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን አምናለሁ። ይህ ትምህርት ግን ከሳይንሱም በላይ እምነታችንን ይጎዳል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንይ። ብዙ ሰው የጥንት ክርስቲያኖች አቋም ይመስለዋል። ዛሬ በምንሰማው መልኩ ግን የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የምድርን ረጅም ዕድሜ ቀድመው ካስተዋሉት መካከል ካህናት ነበሩ። እንግሊዛዊው ካህንና የጂኦሎጂ ሊቅ አዳም ሴጅዊክ የጥፋት ውሃው በምድር ላይ ዱካውን ትቷል ብሎ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 ግን ማስረጃው ይህን እንደማይደግፍ በአደባባይ ተናገረ። ዝግመተ ለውጥን ያስተማረው የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ከዚያ 28 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ረጅሙን ዕድሜ የፈጠሩት ለዝግመተ ለውጥ እንዲመቻቸው ነው» የሚለው ክስ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ዝግመተ ለውጥን አጥብቆ የተቃወመው አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ፍርድ ቤት ተጠይቆ፣ የፍጥረት ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት ናቸው ብሎ እንደማያምን መልሷል። ያኔ ጂኦሎጂውን በሙሉ በጥፋት ውሃ ሊያስረዳ የተነሣው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቱ ጆርጅ ማክሪዲ ፕራይስ ነበር። ሰሚው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ዊትኮምብ የተባለ የነገረ መለኮት መምህርና ሄንሪ ሞሪስ የተባለ መሐንዲስ ሐሳቡን በመጽሐፍ አደሱት። በአሜሪካ አጥባቂ አብያተ ክርስቲያናት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሩ ራሱ የእኛ አይደለም። 6000 የሚለው የሚቀራረበው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ካወጣው ስሌት ጋር ነው። እሱ ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ላይ አስቀመጠ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ትቆጥራለች። ከዚያ ዛሬ ድረስ ሲደመር ከ7500 ያልፋል። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ይታወቃል። በዕብራይስጡ አዳም ልጁን ሴትን የወለደው በ130 ዓመቱ ነው። በሰብዓ ሊቃናቱ የግሪክ ትርጉም 230 ይላል። የሌሎቹም አባቶች ዕድሜ በብዛት እንዲሁ በመቶ በመቶ ይለያያል። ከአሜሪካ የመጣውን ቁጥር የእምነት መለኪያ የሚያደርግ ሰው የቤተ ክርስቲያኗን የዘመን ቆጠራ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምሩትን መምህራን ምን ሊላቸው ነው?

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሁሉ አይቶታል። መንገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ንብርብር ነው። ከታች አሸዋ ድንጋይ አለ። ከእሱ በላይ ጭቃ የነበረ ድንጋይና ጀሶ ተደራርቧል። ቀጥሎ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ እንደገና አሸዋ ድንጋይ አለ። ከሁሉም በላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ባዛልት ተቀምጧል።

ዛጎሉን ያየ ሰው «ይኸው የጥፋት ውሃ!» ሊል ይችላል። ባሕር እዚያ እንደነበረ እውነት ነው። ጀሶውን ግን ልብ እንበል። እንዲህ ያለ የጀሶ ንብርብር የሚፈጠረው ጨዋማ ውሃ በፀሐይ ሲተን ነው። ጥልቀት የሌለው ባሕር ይገባል፣ ይተናል፣ ጀሶውን ይተዋል። ደግሞ ይመለሳል፣ እንደገና ይተናል። ዓለምን ሁሉ ባጥለቀለቀ ውሃ መካከል ይህ ሊሆን አይችልም። የኖራ ድንጋዩም የራሱ ታሪክ አለው። በዚያ ባሕር በየትውልዱ ኖረው የሞቱ እንስሳት ቅሪት ነው።

ከላይ ያለው ባዛልት ደግሞ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። በአንዳንድ የደጋ ቦታዎች ውፍረቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአንድ ጊዜ የፈሰሰ አይደለም። በፍሰቶቹ መካከል ቀይ የአፈር ንብርብሮች ይገኛሉ። ይህ ማለት ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ቀዘቀዘ፣ ዝናብና ፀሐይ ፈረካከሱት፣ አፈር ሆነ፣ ከዚያ ሌላ ፍሰት መጥቶ ሸፈነው። በጎንደር በኩል ጭልጋ አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዕፅዋትና የጥንት የዝሆን ዘሮች ቅሪት ተገኝቷል። በዚያ ቦታ ደን በቅሎ፣ እንስሳት ተሰማርተውበት ነበር። በአንድ ዓመት ጎርፍ ውስጥ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ጊዜ የለም።

«ዕድሜውን የሚለኩበት ዘዴ የተሳሳተ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የካርቦን ልኬት ነው። ካርቦን የሚያገለግለው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ላለ ነገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ሉሲ የምንላት፣ ዕድሜዋ በካርቦን አልተለካም። የተለካው በተገኘችበት ቦታ በንብርብሮቹ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ፖታሲየም አለ። የዚህ ፖታሲየም አንዱ ዓይነት በጣም በዝግታ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲጠጥር ግን እዚያው ይታሰራል። የተጠራቀመውን መለካት ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ይህን መሰሉን የአፋር አመድ በማጥናት ስማቸውን ያስጠሩ እንደ ዶክተር ጊዳይ ወልደገብርኤል ያሉ የአገራችን ጂኦሎጂስቶችም አሉ።

የፍጥረት ምርምር ተቋም የተባለው፣ ምድር ጥቂት ሺህ ዓመቷ ነው የሚሉ አማኞች ድርጅት፣ በአሜሪካ ለዓመታት ይህን የዕድሜ ልኬት አጥንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ውጤት፣ ድንጋዮቹ ውስጥ በዛሬው ፍጥነት ቢሆን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት የሚፈጅ ለውጥ በእርግጥ እንደተካሄደ አመነ። ያኔ ፍጥነቱ እጅግ ጨምሮ መሆን አለበት አሉ። እንዲያ ከሆነ ግን የሚወጣው ሙቀት ምድርን ያቀልጣታል። ይህ መልስ ያላገኙለት ችግር እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። በቅንነታቸው አከብራቸዋለሁ። ስብከቱን የሚያሰራጩት ግን ይህን ክፍል አይነግሩንም።

ወደ ሰማይም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ኮከብ ሲፈነዳ በደቡብ የምድር ንፍቀ ክበብ በዓይን ታየ። ርቀቱ ከ160,000 የብርሃን ዓመት በላይ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ160,000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። «እግዚአብሔር ብርሃኑን መንገድ ላይ ሳለ ፈጠረው» የሚል መልስ ይሰጣል። ነገሩን እስከ መጨረሻው እናስበው። ምድርም ሰማይም 6000 ዓመታቸው ከሆነ ያ ኮከብ አልፈነዳም ማለት ነው። እግዚአብሔር ያልተደረገ ነገር በሰማይ ላይ አሳየን ማለት ነው። ይህን ልቀበል አልችልም፤ ምክንያቴም ከሁሉ በፊት የእምነት ነው። እግዚአብሔር አይዋሽም። ሰማያት ክብሩን ይናገራሉ ያለው መዝሙር፣ የሚናገሩት እውነት እንደሆነ አምኖ ነው።

«አባቶችስ?» ለሚል፣ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ዓለም በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ እንደተፈጠረ ያስቡ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ቀኑን እንደ ተራ ቀን ነው የወሰደው። የዓባይን ድንጋይ የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አላነበቡም። አውግስጢኖስ እነዚያ ቀናት እንደኛ ቀን አይደሉም ብሎ ጽፏል። ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን መሆኑን ማንም አንባቢ ያያል። አውግስጢኖስ አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ያላመኑ ሰዎች ስለ ምድርና ስለ ከዋክብት በደንብ የሚያውቁት ነገር አለ። ክርስቲያን በዚያ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ጠቅሶ ስሕተት ቢናገር፣ ስለ ትንሣኤ የሚናገረውን ማን ይሰማዋል? ይህን ያለው ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌ አለ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። «ከዛፉ በበላህ ቀን ትሞታለህ» የተባለው አዳም 930 ዓመት እንዴት ኖረ የሚለውን ይመልሳል። አዳም ሺህ ዓመት ሊሞላው 70 ሲቀረው ሞተ። በሰማይ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ስለሆነ ቃሉ ተፈጸመ ይላል። ኩፋሌ ዘመን ቆጣሪ መጽሐፍ ነው። የፍጥረት ቀናት ሚሊዮን ዓመታት ናቸው እያለ አይደለም። ግን የእግዚአብሔርን ቀን በእኛ ሰዓት መለካት ግድ እንዳልሆነ የጥንት አንባቢዎች ያውቁ ነበር።

እጅግ የሚያሳስበኝ ልጆቻችን ናቸው። አንዲት ልጅ «ወይ 6000 ዓመት ወይ ክህደት» እየተባለች ታድጋለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦሎጂ ትማራለች። ድንጋዩን በእጇ ይዛ ታያለች። ያኔ ከሁለት አንዱን ምረጪ ያላት መምህሯ ሳይሆን ሰባኪዋ ነው። ክርስቶስ ያላስቀመጠውን መሰናክል እኛ በፊቷ አስቀመጥን።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። «ሞት የገባው በአዳም ኃጢአት ነው፤ ከእሱ በፊት እንስሳት እንዴት ሞቱ?» ይሉናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 5 የሚናገረው ሞት «ለሰው ሁሉ» እንደ ደረሰ ነው። ስለ ዛጎልና ስለ አንበሳ አይደለም። መዝሙረ ዳዊት 103 ደግሞ፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 104፣ የአንበሳ ደቦሎች የሚነጥቁትን ሲፈልጉ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚሹ ይናገራል። ይህን የሚለው ፍጥረትን እያመሰገነ ነው። ስለ አዳም ማንነት ገና ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ልጆቻችን ይህን ሳይፈሩ ይጠይቁ፤ የጂኦሎጂ መምህራን የሆኑ ምእመናንም ተጋብዘው ይመልሱላቸው።