ከፍሎ መፍራት

ጃማይካ፣ ኦቾ ሪዮስ ከተማ ዳርቻ ሚስቲክ ማውንቴን የሚባል የተራራ መዝናኛ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 700 ጫማ፣ ማለትም 213 ሜትር ገደማ ነው። አትሳቁ። የአገሪቱ ትልቁ ጫፍ ብሉ ማውንቴን ራሱ 2,256 ሜትር ስለሆነ፣ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ሁሉንም ከላይ ሆኖ ነው የሚያያቸው። ቢሆንም እግር ከመሬት ሲለቅ የደጋ ልጅነት አያድንም።

ወደ ላይ የሚወጣው በኬብል ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ነው። እንደ ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ቢሉት አይቆምም። ምልክቱ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ከኋላ ሲደርስ ዘፍ ማለት፣ መከላከያ ብረቱን ቶሎ ማውረድ ነው። ቦርሳውን እንዳዘለ የሚቀመጥ ሰው ወደ ጫፉ ይገፋና ብረቱ አልወርድ ይለዋል። ከዚያ ሽቅብ ሲወጡ ነጠላ ጫማ መርገፍ ይጀምራል። ስልክ ከወደቀማ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ጫካው አይመልስም።

ዚፕላይኑ (በኬብል ተንጠልጥለው ከመድረክ ወደ መድረክ የሚንሸራተቱበት) መድረክ ላይ ሲደረስ ይሉኝታ ድንገት ይበዛል። ታች ሰልፍ ሲጋፋ የነበረው ሁሉ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «በፍጹም፣ እርስዎ ካሉ!» ይባባላል። አስጎብኚው ማሰሪያውን ያጠብቅና መንጠቆውን ሁለቴ ይፈትሻል፤ እጅ ከመዘውሩ ፊት እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ጉልበት ሲሰበሰብ ፍጥነት ይጨምራል፣ እግር ሲከፈት ይቀንሳል። ኬብሉ መሐል ላይ ስለሚረግብ፣ ቀላል ሰው ወይም ፈርቶ ቀድሞ ፍሬን የያዘ ሰው ማዶ ሳይደርስ ይቀራል። ያን ጊዜ ጀርባውን ወደ መድረኩ አዙሮ በእጁ ገመዱን እየሳበ መድረስ አለበት፤ ማዶ ያለው ቤተሰብም ቪዲዮ ይቀርጻል እንጂ አይረዳም።

ቦብስሌዱ፣ ማለትም ተቀምጠውበት ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ጋሪ፣ ግን የቦታው ኩራት ነው። በረዶ የማታውቀው አገር በ1988 እ.ኤ.አ. በካናዳ ካልጋሪ ክረምት ኦሎምፒክ ላይ የቦብስሌድ ቡድን ልካ ዓለምን ጉድ አሰኝታ ነበር። የአራት ሰው ተንሸራታቿ ተገልብጣ ልጆቹ በእግራቸው ወደ መጨረሻው መስመር ሄዱ፤ ዝናቸው ግን ዛሬም አለ። ለዚያ መታሰቢያ ጫካው ውስጥ 1,000 ሜትር ሐዲድ ተዘርግቷል። በጋሪው ግራና ቀኝ ዘንግ አለ፦ ወደ ፊት ሲገፉት ይለቃል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ፍሬን ይይዛል። ጣጣው ከፊት ያለው ሰው ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ይደነግጥና ፍሬኑን ጥርቅም ያደርጋል፤ ሲረጋጋ ደግሞ ለሰልፊ ያዘግማል። ከኋላው ያለው ርቀቱን ካልጠበቀ ይጋጫል፤ ዝናብ ካለ ፍሬኑ ስለሚንሸራተት ርቀቱ መጨመር አለበት። ወደ ጥቅምት አካባቢ (በፈረንጅ) ዝናብ ይበረታልና ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ የቱሪስት መርከብ የገባ ቀን ግን ጠዋቱ የሰልፍ ነው።

ስለ መርከብ ከተነሳ፦ ጃማይካ በበጋ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ከፍሎሪዳ የሚመጣ መርከብ ግን የአሜሪካን ሰዓት ይዞ ሊቆይ ይችላል። በከተማው ሰዓት «ገና ዘጠኝ ነው» ብለው ቢራ ያዘዙ፣ በመርከቡ አሥር ሆኖባቸው ወደብ ላይ በነጠላ ጫማ ሲሮጡ ይታያሉ። ዚፕላይን ላይ «ምንም አልመሰለኝም» ያለው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው የሚጮኸው።