ሄዶ ሲቀር ጥፋቱ የማን ነው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ አጭር ነው፦ «ቱሪስት አንዴ ወደ ጎበኘው አገር ሳይመለስ ከቀረ ጥፋቱ የአገሩ ነው።» ሐሳቡን የምትደግፈውን ከሳሽ፣ የሚቃወመውን ጠበቃ ብለናቸዋል። ዳኛ አልሰየምንም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሽ፦ ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አገር ሄጄ አሥር ቀን ቆየሁ። ስሙን አልጠራም። ባሕሩ፣ ተራራው፣ የሰዉ ፈገግታ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሁሉም ልብ የሚያሞቅ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ ወደ ኤርፖርት የሚወስደኝ የታክሲ ሾፌር መንገድ መሃል አቆመና «ከተስማማነው እጥፍ ካልከፈልሽ አልነዳም» አለኝ። በረራው ሊያመልጠኝ ነው፤ ከፈልኩ። ኤርፖርት ስደርስ ደግሞ ፓስፖርቴን የተቀበለው ሰው ምንም ሳይለኝ አርባ ደቂቃ ጥግ ላይ አቆመኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን የዚያ አገር ስም ሲነሳ መጀመሪያ ፊቴ ላይ የሚመጣው ባሕሩ አይደለም። የታክሲው የኋላ ወንበር ነው።

ቂመኛ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ነክረው፣ እጃቸውን ሳያወጡ 30 ሰከንድ ተጨመረባቸው። በጭማሪው ሰዓት ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ። ከዚያ «አንዱን ትደግማላችሁ፤ የትኛው ይሁን?» ተባሉ። አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ሥቃዩ የበዛውን! መጨረሻው ላይ ትንሽ ላላ ስላለላቸው ብቻ።

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። «የቱ ተመቻችሁ?» አይደለም የተባሉት፤ «የቱን ትደግማላችሁ?» ነው። የእኛም ክርክር ይኸው ነው። ሰው ጉዞውን የሚያስታውሰው ቀኖቹን ደምሮና አካፍሎ አይደለም። በጣም ደስ ያለው ወይም በጣም የከፋው ሰዓት ይቀራል፤ ማብቂያውም ይቀራል። ማብቂያው ደግሞ የመውጫው በር ነው። አገሮች ለአቀባበሉ ይደክማሉ። ሽኝቱን ግን ለማን እንደተዉት አላውቅም። ለእኔ ለዚያ ሾፌር ነበር የተዉት።

ጠበቃ፦ እህቴ፣ ሾፌሩ ጥፋተኛ ነው፤ ይቀጣ። አገሩን ግን ፍቺልኝ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 193 አባል አገሮች አሉት። በየዓመቱ አንድ አዲስ አገር የሚያይ ሰው (ለመሆኑ ይህን የሚችለው ስንቱ ነው?) በ40 ዓመት ሩቡን እንኳ አያዳርስም። አንዱን በደገመ ቁጥር ሌላው ይቀርበታል። የዮርዳኖስን ጥንታዊ ከተማ ፔትራን ያየ፣ ፔሩ ተራራ ላይ እስካለው ማቹ ፒቹ ድረስ የወጣ ሰው ሳይመለስ ቢቀር ተከፍቶ ነው? አይደለም። አየ፣ በቃው። ጠግቦ ከማዕድ የተነሳ እንግዳ ተቆጥቶ እንደሄደ አይቆጠርም።

ስታንሊ ፕሎግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1974 መንገደኞችን በባሕርያቸው ለይቶ ነበር። በአንዱ ጫፍ የለመደውን የሚወድ ሰው አለ። በሌላው ጫፍ አዲስ ነገር የሚያሳድድ። የመጀመሪያው አንድ ቦታ ከተመቸው በየዓመቱ እዚያው ነው። ሁለተኛውን ገነት ብታስገቢው «አየሁት» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አገሩ ምን ያድርገው?

ከሳሽ፦ ተጠየቅ!

ጠበቃ፦ ልጠየቅ።

ከሳሽ፦ ያ አዲስ ነገር አሳዳጅህ ጃፓን ሲደርስ ምን ነካው? ጃፓን በ2024 ወደ 37 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ እንግዳ አስተናግዳለች። ከኮቪድ በፊት መንግሥቷ እንግዶቹን ሲጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊትም የመጡ ናቸው። ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል። የጠፋ ቦርሳ ይገኛል። ሰው የማይታለልበትን ቦታ አይረሳም።

ጠበቃ፦ ጃፓንን ስላነሳሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ለመሆኑ እነዚያ ተመላላሾች ከየት ነው የሚመጡት? በብዛት ከታይዋን፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከደቡብ ኮሪያ። በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድን አስታኮ ይኬዳል። ከአውሮፓ ከሚሄዱት መካከል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ሰው ድርሻ በጣም ከፍ ይላል። ባቡሩ ለሁለቱም በሰዓቱ ነው የሚመጣው! የሚለያቸው የመንገዱ ርዝመትና የትኬቱ ዋጋ ነው። ርቀት ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ከሳሽ፦ እሺ፣ ይህቺን ወስደሃል። ርቀቱን ትቼልሃለሁ።

አገር በገዛ እጁ የሚያበላሸውን ግን አልተውልህም። ፊሊፒንስ በ2018 ቦራካይ የተባለችውን ደሴቷን ለስድስት ወር ዘጋች። ፍሳሹ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይገባ ስለነበር ነው። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ራሳቸው ደሴቷን የፍሳሽ ጉድጓድ ብለዋታል። ከመዘጋቷ በፊት እዚያ ውኃ ውስጥ የዋኘ ሰው «አልመለስም» ቢል ባሕርዩ ነው ትለኛለህ? ቡታን ደግሞ በ2022 ከእንግዳ በየሌሊቱ የምትቀበለውን ክፍያ 200 ዶላር አደረገች፤ ዓመት ቆይታ እንግዳ እንዲመጣላት ወደ 100 አወረደችው። ሁሉም ነገር የመንገደኛው ጠባይ ከሆነ፣ ለምን ደከመች?

ጠበቃ፦ ቦራካይን አልከራከርሽም። ግን ክስሽ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አልፏል። አገር ሁሉ «ተመለሱልኝ» ይላል ያለው ማነው? ቬኒስ በ2024 የቀን ጎብኚዎችን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የባርሴሎና ሰልፈኞች ቱሪስቶች ላይ በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ረጩ። እንዲህ ካለ ቦታ የቀረ እንግዳ እንዲያውም ጨዋ ነው።

ከሳሽ፦ ቬኒስ እዚያው የሚያድረውን ያን 5 ዩሮ አላስከፈለችውም። የጠላችው እንግዳ አይደለም። ሮጦ ገብቶ ሮጦ የሚወጣውን ነው። ያንተን «አየሁት» ባዩን።

ጠበቃ፦ አሁን ነካሽኝ። እንግዲያው እኔም የራሴን ላውጣ።

በወጣትነቴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሐይቅ ዳር ሄጄ ነበር። ገንዘብ አልነበረንም። አንድ ክፍል ለሦስት። ሳቃችን ጎረቤት አላስተኛም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኪሴ ሞላ ሲል፣ ወደዚያው ቦታ ተመለስኩ። ሆቴሉ ጥሩ፣ አልጋው ጥሩ፣ ሰዎቹ ያው ደጎች። ማንም አላታለለኝም። በሁለተኛው ቀን ግን ሰለቸኝ። ሐይቁን ፎቶ አንስቼ ለሁለቱም ጓደኞቼ ላክሁላቸው። አንደኛው አውራ ጣት መለሰልኝ። ሌላው እስካሁን አላየውም። ታዲያ ማንን ልክሰስ?

ሮም ትሬቪ ምንጭ ውስጥ ሳንቲም የወረወረ ሰው ወደ ከተማዋ ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙ እየተለቀመ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል፤ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል። እንግዲህ «ልመለስ» ብሎ የተመኘውን ሰው ብዛት አስቢው። ያ ሁሉ ሰው ተመልሷል? አልተመለሰም። አብዛኛው ደግሞ ሮም ከፍታበት አይደለም። ልጅ ወለደ፣ ሥራ ያዘ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው፣ ዕድሜ ሄደ።

ከሳሽ፦ ሳንቲሙን የወረወረው እኮ ደስ ብሎት ነው። እኔ የማወራው እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ስለሄደው ሰው ነው።

ጠበቃ፦ ይሁን። እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከዚያ በቃኝ። ያ ስሙን ያልጠራሽው አገር፣ የታክሲው፣ ጨርሶ ቀረ?

ከሳሽ፦ ባለፈው ሳምንት የበረራ ዋጋ አይቻለሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ አንድ ሆቴል አለ። የመጨረሻውን ሌሊት እዚያ ካደርኩ ጠዋት በእግሬ እደርሳለሁ፤ ታክሲ የሚባል ነገር አልነካም። ይህ ግን ክሱን እንደ መተው አይቆጠርብኝ።