ወንዙን ማን ይለካው?

ከአገር ውጭ የምንኖር ሰዎች ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት ስናወራ ቶሎ የምንደርስበት ድምዳሜ አለ። «እኛ አገር ሕግ የለም፤ እዚህ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው በማግስቱ ይታሸግ ነበር» እንላለን። ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ይህን ስንቴ እንደሰማሁት። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሕጉ አለ። እንዲያውም በአንድ ነገር ከአሜሪካው ይሻላል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን አውጥታችሁ አንብቡት። ማንም ሰው፣ «አንተን ምን አገባህ» ሳይባል፣ በግሉ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ ሰውየው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካው የንጹህ ውሃ ሕግም ለዜጋው ተመሳሳይ በር ከፍቷል። የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ በካዩን ይከሳል። ልዩነቱ፣ እዚያ ከሳሹ «እኔ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማሳየት አለበት። ወንዙ ዳር ደርሶ የማያውቅ ሰው ተነስቶ ልክሰስ ቢል ዳኛው ያሰናብተዋል። የእኛ አዋጅ ይህን አይጠይቅም።

ታዲያ ለምንድነው አንዱ ወንዝ ፍርድ ያገኘው፣ ሌላው ያላገኘው?

ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ የሚባል ወንዝ አለ። በዳርቻው የሚኖረው በአብዛኛው ጥቁርና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሕዝብ ነው። የከተማዋ አሮጌ ቱቦ የዝናብ ውሃንና የሽንት ቤት ፍሳሽን አንድ ላይ ስለሚሸከም፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሞልቶ ወንዙ ውስጥ ይደፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅቶችና ነዋሪዎች የከተማዋን የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ከሰሱ። የፌዴራል መንግሥቱም ተከትሎ ገባ። በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተደረሰ። ውጤቱ ወረቀት ላይ አልቀረም። ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎች ተቆፈሩ፤ አንዱ በ2018 ሥራ ጀመረ፣ ሌላው በ2023። አሁን ዝናብ ሲጥል ድሮ ወንዙ ውስጥ ይደፋ የነበረው ፍሳሽ አብዛኛው ዋሻው ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ማጣሪያው ይሄዳል።

ወንዙ ጸድቷል ማለቴ አይደለም። ከስሩ ያለው ደለል የድሮ ኬሚካል ተሸክሟል። አሜሪካም የፍሊንት ከተማን ሕዝብ እርሳስ ያለበት ውሃ ያጠጣች አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረ ጉድ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር መልካም ነው የሚል ካለ አልስማማም።

አንድ ነገር ግን ያስቀናኛል፤ ቁጥሩ። ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ የሚለቅ የአሜሪካ ፋብሪካ ፈቃድ ይዞ ነው የሚለቀው። ፈቃዱ ላይ የትኛው ኬሚካል በምን መጠን እንደሚፈቀድ ተጽፏል። ፋብሪካው ራሱ ይለካል፣ ይፈርማል፣ ይልካል። ውሸት ከጻፈ ወንጀል ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ በሰፈሬ አቅራቢያ ያለ ፋብሪካ ፈልጌ ነበር። ስሙ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ በየሦስት ወሩ ገደቡን አልፎ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተቀጣ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ያየሁት በአንድ ማታ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ማንንም አላስፈቀድኩም። ደብዳቤም አልጻፍኩም።

ለከሳሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፋብሪካው በገዛ ፊርማው «ገደቡን አልፌያለሁ» ብሎ ጽፏል። ጠበቃው ያንን ወረቀት ይዞ ነው ችሎት የሚቀርበው። ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ካሸነፈ ደግሞ የጠበቃና የባለሙያ ወጪውን ዳኛው በተሸናፊው ላይ ሊጥልለት ይችላል። ድሃ ሰፈር ጠበቃ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አቃቂ እንሂድ። ከቃሊቲ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወስደው በኩል። ውሃው በበጋ ጥቁር ሆኖ ይተኛል፤ ዳር ዳሩን አረፋ ይጠራቀምበታል። የውሃ ሞተር ቱቦ እዚያው ውስጥ ተነክሯል። በሌላው ጫፍ የሚወጣው ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣል፤ ሰላጣውና ቆስጣው ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለሳል። በዚህ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ነው።

እዚያ ከብት የሚያረቡ አንድ አባት አነጋግሬ ነበር። «አባባ፣ አቤት ብለው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የት ልሂድ ልጄ? ወረዳ ስሄድ ክፍለ ከተማ ሂድ ይሉኛል። ክፍለ ከተማ ስሄድ ማስረጃ አምጣ ይሉኛል። ማስረጃው ይኸው ወንዙ ነው! መጥተው አያሸቱትም?»

ፋብሪካው ፍሳሹን የሚለቀው ማታ ማታ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል እንደሆነ ነገሩኝ። የፋብሪካውን ስም እዚህ አልጠራም፤ እኔም ብሆን በእጄ የያዝኩት ማስረጃ የለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እኚህ ሰው ፍርድ ቤት ቢደርሱ የማስረዳት ሸክሙ የሳቸው ነው። ናሙና መቅዳት፣ ላቦራቶሪ መክፈል፣ ባለሙያ ማቅረብ አለባቸው። ይህን ሁሉ ቢያደርጉ እንኳ ተከሳሹ «ከላይ ስንት ፋብሪካ አለ፣ የከተማው ሽንት ቤትም እዚሁ ይገባል፤ የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?» ይላል። እውነት አለው። ወንዙ የሁሉንም ቆሻሻ ደባልቆ ነው የሚያመጣው። መለየት የሚቻለው በየፋብሪካው ቱቦ አፍ ላይ ተለክቶ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከግቢው አጥር ውስጥ ነው።

የሚገርመው የመለካት ግዴታውም በሕጋችን አለ። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካው ራሱን እንዲከታተልና መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። መዝገቡ ግን እንደ ዋሽንግተኑ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚከፈት አይደለም። ከታች ያለው ገበሬ አያየውም።

ክስ ተሞክሮ አያውቅም እንዳይባል አንዱን ላንሳ። አፓፕ የሚባል የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት አንስቶ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባለሥልጣኑ በዚህ ጉዳይ ሊከሰስ አይገባም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ውሃው ተበክሏል ወይስ አልተበከለም የሚለው ጥያቄ ሳይመረመር ቀረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም.፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ለድሃ የሚከራከሩ ማኅበራት ተዳከሙ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል፤ የባከኑት አሥር ዓመታት ግን ብዙ ናቸው። እነዚያ ዓመታት ፋብሪካ በየአቅጣጫው የተከፈተባቸው ዓመታት ነበሩ።

«ድሃ አገር ነን፣ መጀመሪያ ሥራ ይገኝ» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ልጅም እኮ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሆናል። አባትየው ዝም የሚሉት አንዳንዴ ለልጃቸው እንጀራ ብለው ነው። ይህን ስቃይ ከውጭ ሆኖ መፍረድ ይከብዳል። ግን ኬንያም እንደኛ ሥራ የቸገራት አገር ናት። ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል መንደር የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነዋሪውን መረዘ። የመንደሩ ሰዎች የልጆቻቸውን ደም አስመረመሩ። በደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ማስረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው። በይግባኝ ተሻረባቸው፤ አልተዉም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን መለሰላቸው። እዚያም ያሸነፈው ቁጥር ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። በየፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ላይ የሚለካው ቁጥር በየወሩ ይለጠፍ። ድረ ገጽ ላይ፣ ካልተቻለ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ። ቅጣቱም ይታይ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ቢልም የገንዘብ መቀጮው ጣሪያ 10 ሺህ ብር ነው። ዛሬ 10 ሺህ ብር ለፋብሪካ ምኑም አይደለም።

እኛ ውጭ ያለነውም የምናደርገው አናጣም። ከመካከላችን ኬሚስት አለ፣ የውሃ መሐንዲስ አለ፣ ጠበቃ አለ። የላቦራቶሪ ክፍያ ለአንድ ሠርግ ከምናዋጣው አይበልጥም። ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ዘመዶች ካሏችሁ አንድ ማታ አብራችኋቸው ቁጭ በሉ። አቤቱታውን በጽሑፍ አዘጋጁላቸው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የውሃው ቀለም፣ የሞተው ከብት ይጻፍ። በቃል አቤት ብሎ የተመለሰ ሰው ማመልከቱን የሚያሳይበት ነገር የለውም። በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቱና ለአባታችሁ አስቀምጡላቸው። 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።